ለአንድ ቤት አንድ ወንበር

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ እትዬ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ግድግዳ ይዘሽ ነው የምትነሺው? የእማዬ ዓይንስ እንዴት ሆነ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ አካሌ ደኅና ነው። ሌላውን ልደብቅሽ ስላልቻልኩ ነው ብዕር ያነሳሁት።

"ሹመትሽን መቼ ነው የምንሰማው?" ብለሽ ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩት ረስቼሽ አይደለም። እንደምታውቂው፣ ጉልበቴ ተጎድቶ መጫወት ካቆምኩ ጀምሮ የኖርኩት የእጅ ኳስ ፌዴሬሽን ውስጥ ነው። የውድድር መርሐ ግብር አወጣ ነበር፣ ዳኛ እመድብ ነበር፣ ተሸናፊ ቡድን ሲያኮርፍ የምለማመጠው እኔ ነበርኩ። የስፖርት አስተዳደርም ከሥራ መልስ ተምሬ ጨርሻለሁ። ዋና ጸሐፊው ጡረታ ሲወጡ ፕሬዚዳንቱ ጠርተው "ወንበሩ ያንቺ ነው፤ ዕቅድሽን አዘጋጂ" አሉኝ። እኔም የልጃገረዶች ሊግ የሚጀመርበትን ዕቅድ አዘጋጀሁ። ቤት ስገባ ለባለቤቴ አነብለት ነበር፤ እሱም "ጎበዝ!" እያለ ሻይ ያቀርብልኝ ነበር። እሱን እዚያው መሥሪያ ቤት በአሠልጣኝነት ያስቀጠርኩት እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ።

ሹመቱ የሚነገር ዕለት አዲስ ቀሚስ ለብሼ ከፊት ተቀመጥኩ። ፕሬዚዳንቱ መነጽራቸውን አስተካክለው የባለቤቴን ስም ጠሩ። የተሳሳቱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን አልደነገጠም፤ ኮቱን ቆልፎ ተነሣ። ለካ ቀድሞ ያውቅ ኖሯል! አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ? አጠገቤ የነበረችው ሒሳብ ሹም "እንኳን ደስ አለሽ፣ የጸሐፊ ሚስት!" ብላ ሳመችኝ።

በኋላ ፕሬዚዳንቱን ስጠይቃቸው፣ "ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አይሾምም። አንቺ ደግሞ ነገ ትወልጃለሽ፤ ሥራው ጉዞ ይበዛዋል" አሉኝ። ባለቤቴም ቤት ስንገባ "ምን ያስለቅስሻል? አንድ ቤት ነን አይደል? ሥራውን አንቺ ትሠሪዋለሽ፣ እኔ እፈርማለሁ" አለ። ባጎረስኩ ጣቴን ተነከስኩ፣ እትዬ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት ለካ እንዲህ ያለውን ነው።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ከረምኩ። ንግግሩን ጻፍኩለት፤ ስብሰባ ላይ ሲንተባተብ ከጎኑ ሆኜ አንሾካሾክሁለት። ሊጉ ብቻ ይጀመር ብዬ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ግን የአንድ ክለብ አሠልጣኝ ደውላ "ሊጉ ተሰርዟል አሉን፤ ልጆቹን ምን ልበላቸው?" አለችኝ። ፕሬዚዳንቱ በጀቱን ለወንዶቹ የውጭ ጉዞ ፈልገውት፣ ባለቤቴ ፈርሞላቸዋል። "እንዴት?" ስለው፣ "አለቃ ሲያዝ ምን ልበል? አንቺ አመራር የሚባለው ነገር አይገባሽም" አለኝ። ወንበሩን ሲወስድብኝ አልቅሼ ነበር፤ ሊጉን ሲሰርዝብኝ ግን እንባ እንኳ አልመጣልኝም።

መልቀቂያዬን አስገባሁ፤ ልብሴንም ይዤ ከቤቱ ወጣሁ። አሁን ያቺ አሠልጣኝ ካለችበት ክለብ የቢሮ ሥራ ይዣለሁ። ቢሮ ስልሽ የመልበሻ ክፍሉ ጥግ ነው፤ ላብና የጉልበት ቅባት ይሸታል። ሊጉን በራሳችን እንጀምር እያልኩ ክለቦቹን ስዞር፣ ግማሾቹ "መጀመሪያ ከባልሽ ታረቂና ነይ" ይሉኛል። የቀሩት በር ላይ ያስጠብቁኛል። እስካሁን እሺ ያለኝ የለም።

"ትዳር ነው፣ ቻይው" የምትይኝ ከሆነ እባክሽ መልስ አትጻፊልኝ። ሌላ ማንኛውንም ቃል ግን እናፍቃለሁ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ጎረቤት ሳይቀድምሽ እውነቱን አንቺ ንገሪያት። ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ አንቺ ሥራ ስትውዪ ወጥ ሠርቶ የሚጠብቅሽ ባል እንደሆነ አልረሳሁም። ጎረምሳውን ልጅሽን በርታ በይልኝ። ትንሿን ደግሞ ግንባሯን ሳሚልኝ። ኳስ ከእጇ አልለይ ብሏል ብለሽኝ ነበር። ሳድግ የት ነው የምጫወተው ብላ ከጠየቀችሽ ግን፣ እትዬ፣ አክስትሽ ገና የክለቦች በር ላይ ቆማ እየጠበቀች ነው በያት።

ታናሽ እህትሽ
ከክለቡ መልበሻ ክፍል፣ ሰኔ ፲፬ ቀን