ፕሮፌሰር ኦርቪል ስታድለርና የደረት ኪሳቸው

ፕሮፌሰር ኦርቪል ስታድለር ከአባታቸው ከአቶ ኤመሪክ ስታድለርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ክላሪሳ እ.ኤ.አ. በ1941 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ከሃርገን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የወተት ላሞች እርባታ ተወለዱ። ይህን የማነብላችሁ ታናሽ እህታቸው ኢርማ ነኝ። ፓስተራችን ደግ ደጉን ብቻ እንድናገር ለምነውኛል፤ እንግዲህ እሞክራለሁ።

ወንድሜ ላሞቹን ለእኔ ትተው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በ1969 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን እንደያዙ በከተማችን ኮሌጅ ተቀጥረው፣ በ2008 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአሜሪካን መንግሥትና ፖለቲካ አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው እዚህ የተቀመጣችሁ አንዱን ትምህርት መቼም አትረሱትም። ፕሬዚዳንቱ ያልወደደውን ሕግ አንዳንዴ እንቢም ሳይል፣ ሳይፈርምም፣ ምክር ቤቱ ተበትኖ የመፈረሚያው ቀን እስኪያልፍ ኪሱ ይከተዋል። ሕጉ በዚያው ይሞታል። ወንድሜ ይህን ሲያስተምሩ ወረቀት አጥፈው የኮታቸው ደረት ኪስ ውስጥ ይከቱና በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉት ነበር።

ጣጣው ትምህርቱን ቤት ይዘውት መግባታቸው ነው። በ1966 ያገቧቸው ወይዘሮ ቬርና ወጥ ቤታቸው እንዲታደስ ቢጠይቁ፣ ወንድሜ የአናጺውን ዋጋ ማቅረቢያ ኪሳቸው ከተቱ። ቬርና በ2014 ሲያርፉም ያው ወጥ ቤት ነበር።

በ1970 አንድ ልጃቸውን ጆሊንን ወለዱ። ልጅቷ ጣቶቿ ለፒያኖ የተፈጠሩ ነበሩ። በ1988 በሚኒያፖሊስ ያለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በነፃ ተቀበላት። የቀረው የአባቷ ፊርማ ብቻ ነበር። ወንድሜ ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉት። በየእራቱ ስትጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦

«አልከለከልኩሽም፤ ኪሴ ውስጥ ነው።»

ቀኑ አለፈ። የመምህራን ልጆች በኛ ኮሌጅ በነፃ ስለሚማሩ ጆሊን እዚያው ገባች፤ አባቷም የራሳቸው ክፍል አስቀመጧት። በፈተናው ያንኑ የኪስ ነገር ጠየቁ። አንድም ሳታጎድል ጻፈች። ቢ ሰጧት። ወረቀቱን ሲመልሱላት ተማሪው ሁሉ እየሰማ፣ «ምሳሌ ጎድሎሻል» አሏት። ክፍሉ ሳቀ። እኔ በበኩሌ ይህን ስሰማ ወንድም ባይኖረኝ ብያለሁ።

ጆሊን በዚያው ኮሌጁን ትታ የኢንሹራንስ ቢሮ ተቀጠረች። እሑድ እሑድ የዚህን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ትጫወታለች፤ ዛሬም ተቀምጣበታለች።

ወንድሜን በ2021 መጋቢት ወር ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አላቸው። የአረጋውያን መጦሪያ ገቡ። የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቤቴ ልሙት»። ሐኪሙም ፈቀደ፤ የቤት አስታማሚም ተገኘች፤ ልጃቸው እስከ ዓርብ ከፈረመች በቃ። ጆሊን ወረቀቱን ተቀበለች፣ አጠፈች፣ የካፖርቷ ኪስ ከተተች። ወንድሜ በተጣመመ አፋቸው «ወረቀቱስ?» አሏት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«አልከለከልኩህም አባዬ፤ ኪሴ ውስጥ ነው።»

ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን በደህናው እጃቸው ብርድ ልብሱን መታ መታ አደረጉና፣ «አሁን ኤ አገኘሽ» አሏት። የጠበቀችው ውጤት ይኸው ነበር መሰለኝ፤ ያን ጊዜ ብቻ አለቀሰች። ወረቀቱን ግን አላወጣችውም።

ዓርብ አለፈ። ፕሮፌሰር ኦርቪል ኅዳር 9 ቀን 2021 በመጦሪያው፣ ግድግዳ ወደሚያሳይ መስኮት ዞረው፣ በሰማንያ ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው ጆሊንና እኔ ቀርተናል። ከቀብሩ መልስ ምድር ቤት ሳንድዊችና የድንች ሰላጣ ስላለ ማንም ሳይቀምስ እንዳይሄድ።

ፈጣሪ የወንድሜን ነፍስ ልመና ኪሱ አይክተተው። እሺም ይበል እንቢ፣ ፊት ለፊት ይመልስላቸው። አሜን።