ለዋት ብዛት ሙሉ ነጥብ ለሰጡት ኃላፊ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የግዥና የንብረት አስተዳደር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነኮሚቴዎ፣ ከነማኅተምዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በካርታ ክፍል የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ምግብ አልወርድ ከማለቱ በቀር ጤናዬ ደኅና ነው። ይህን ደብዳቤ በግቢው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» ከሚል መልስ በቀር ስላላገኙ እንጂ፣ ክቡርነትዎን በአደባባይ ልዳፈር ከቶ አስቤ አይደለም። ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ስለ ሠንጠረዡ። እንደሚያስታውሱት፣ የከተማውን ሕንፃዎች ከነቁመታቸው የሚያሳይ አዲስ የካርታ ፕሮግራም በመምጣቱ፣ ለስምንቱ ኮምፒውተሮቻችን ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ እንዲቀየር ተወሰነ፤ እኔም ሦስት ካርዶችን በዋጋና በአቅም አወዳድሬ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። አንደኛው ባለ አሥራ ሁለት ጊጋባይት ሲሆን ሲሠራ አንድ መቶ ሠላሳ ዋት ይበላል፤ ለሥራችን ይበቃ ነበር። ሁለተኛው ባለ አሥራ ስድስት ጊጋባይት ሆኖ አንድ መቶ ስድሳ አምስት ዋት፤ ሦስተኛው ደግሞ ባለ ሃያ አራት ጊጋባይት ሆኖ አራት መቶ ሃምሳ ዋት ይበላል፤ ሁለት ትውልድ ያለፈበት በመሆኑም ሻጩ መጋዘኑን ለማጽዳት ሲል ከሁለቱም ባነሰ ዋጋ አቀረበው። «የኃይል ፍጆታ» የሚለውን ረድፍ ሠንጠረዡ ውስጥ ያስገባሁት እኔው ነኝ፤ ያስገባሁትም ኮሚቴው አይቶ እንዲደነግጥ ነበር። ኮሚቴው ግን፣ ከዋጋ በስተቀር በየረድፉ ትልቁ ቁጥር ሙሉ ነጥብ ያገኛል በሚለው መመሪያዎ መሠረት፣ አራት መቶ ሃምሳውን ዋት ከአሥር አሥር ሰጠው። ካርዱ ሁለት ኪሎ በመመዘኑም አሥር አገኘ፤ እንዳይግል የተገጠሙለት ሦስት ማራገቢያዎችም አሥር አስገኙለት። በዚህ አቆጣጠር ከሄድን አብዝቶ የሚያስለው በሽተኛ ከሁሉ ጤነኛ ተብሎ መሸለም አለበት። ረድፉን ሳስገባ ከጎኑ «ያነሰው ይሻላል» የሚሉ ሁለት ቃላት ባለመጻፌ ዛሬም ራሴን እረግማለሁ፤ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ በዚህ አጋጣሚ አምኛለሁ።

2ኛ፦ ስለ ብሬከሩ። ካርዶቹ ተገጥመው ስምንቱም ኮምፒውተሮች በአንድ ላይ ሲከፈቱ፣ ካርታው ምንም ሳይንገጫገጭ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ተሽከረከረልን፤ አጨበጨብን። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ብሬከሩ ወረደ። ሽቦ ከአቅሙ በላይ ሲጫን መብራቱን እየቆረጠ ሕይወት ለማዳን የተፈጠረ ዕቃ ነውና ሥራውን ሠራ፤ በዚያን ቀን ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ሠራ። ክቡርነትዎም መድከሙን አይተው፣ «ሥራ የሚያስተጓጉል» በማለት ባለ አሥራ ስድስት አምፔሩ ወጥቶ ባለ አርባው እንዲገባ አዘዙ። ከቅጥነቱ የተነሳ ሁላችንም «ሽቦ» የምንለው ኤሌክትሪሺያናችን፣ «ግድግዳው ውስጥ ያለው መስመር ለስምንት አምፖል ተብሎ የተዘረጋ ነው፤ ብሬከሩን ካሳደጋችሁት የሚቆርጥ ነገር አይኖርም፣ ራሱ ሽቦው ነው የሚቀልጠው፤ እኔ እጄን አላስገባም» ብሎ እምቢ አለ። በዚያው ሳምንት ወደ በር ጥበቃ ተዛውሮ የገቢና የወጪውን ቦርሳ እንዲፈትሽ ስለተደረገ፣ እጁን ንጹሕ አድርገው ስላቆዩለት በእርሱም ስም አመሰግናለሁ። ከውጭ የመጣው ሰው ትልቁን ብሬከር በሩብ ሰዓት ገጥሞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መብራቱ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው አለመጥፋቱ ነው።

3ኛ፦ ስለ ግድግዳው። ያ መስመር የሚያልፍበትን ግድግዳ የምንጋራው ከሠራተኞች የሕፃናት ማቆያ ጋር ነው። እዚያ ሃያ አንድ ልጆች ይውላሉ፤ የሦስት ዓመቷ ልጄም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ትልቅ ትንሹ እማማ የሚላቸው ሞግዚት ባለፈው ሳምንት ኮሪደር ላይ አስቁመው፣ «ልጄ፣ እናንተ ምን ብታደርጉ ነው? ግድግዳው እኮ ሞቀልን! በዚህ ብርድ ጀርባቸውን ሲያስጠጉ ወዲያው ነው በእንቅልፍ ድብን የሚሉት» ሲሉ መረቁኝ፤ የልጆቹንም ፍራሽ በሙሉ ወደ ግድግዳው አስጠግተው ነበር። ገብቼ መዳፌን አሳረፍኩ። ከጣሪያው እስከ ሶኬቱ ድረስ ቀለሙ ጣት በሚያህል መስመር ቡናማ ሆኗል፤ ሶኬቱን ሲጠጉትም የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ልጄ ከፍራሿ ሳትነሳ፣ «አባዬ፣ ግድግዳው አተኮሰው እኮ» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ ፈራሁ።

ጉዳዩን ለእማማ ሳስረዳቸው ፊታቸው ዐመድ መሰለ፤ ወዲያውም ፍራሾቹን ወደ መሐል ሳቡ። ክፍሉ ግን ጠባብ በመሆኑ በሩ አልከፈት አለ፤ በሩ የማይከፈት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው ብለው ወደ ቦታቸው መለሷቸው። ሌላ ክፍል እንዲሰጣቸው ያመለከቱትም በጥናት ላይ ነው። እኔ ልጄን ወደ አክስቷ ወሰድኳት። የተላላኪዋና የጸሐፊዋ ልጆች ግን የሚወሰዱበት አክስት የላቸውም፤ የራሴን አንጠልጥዬ የእነርሱን እዚያው ትቼ ስወጣ አፈርኩ፣ እስካሁንም ያሳፍረኛል። ጭነቱ ይቀንስ እንደሆነ ብዬ አራቱን ኮምፒውተሮች ባጠፋም፣ «የመንግሥትን ንብረት ያለ ሥራ በማስቀመጥ» የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ስለተጻፈልኝ፣ ለፈጣን ምላሽዎ ላቅ ያለ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጥናት ያላስፈለገው መልስ ያገኘሁት በዚህ ብቻ ነው።

4ኛ፦ ልመናዬ አንድ ነው። ትንሹ ብሬከር ይመለስ። በጀት አይጠይቅም፣ ጨረታ አይወጣበትም፤ አሮጌው ጠረጴዛዬ ላይ አለ፣ ኤሌክትሪሺያኑም በሩ ላይ ቆሟል፣ ሥራውም የሩብ ሰዓት ነው። የጎደለው ብሬከሩ ያለበት የማከፋፈያ ሳጥን ቁልፍ ሲሆን እርሱ በክቡርነትዎ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። እርግጥ ነው፣ ብሬከሩ እንደገና ይወርዳል፣ ካርታው ይቆማል፣ እርስዎም ይቆጣሉ። ይቆጡ፤ ቁጣዎን ችለን ኖረናል።

ለዋትም፣ ለክብደትም፣ ለማራገቢያም ሳይሰስቱ ነጥብ የሰጡት ለጋስ እጅዎ አንዲት ቁልፍ ለማቀበል እንደማይከብደው በመተማመን፣ እስከዚያው በየሰዓቱ ግድግዳውን እየዳበስኩ ትእዛዝዎን የምጠባበቅ፣ በማይበርድ አክብሮት፣

የካርታ ክፍል የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ፣
የአንዲት ሕፃን አባት

ግልባጭ፦
ለሃያዎቹ ሕፃናት ወላጆች
በር ላይ ቦርሳ ለሚፈትሸው ኤሌክትሪሺያን

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ትናንት በክቡርነትዎ የተፈረመ የንብረት ማዛወሪያ ቅጽ እጄ ገባ። በቦታ ጥበት ምክንያት በማቆያው ውስጥ በዚያው ግድግዳ ሥር ተቀምጦ የነበረው የግዥ ሰነዶች ቁም ሣጥን በአስቸኳይ ወደ ሌላ ሕንፃ እንዲዛወር ታዟል፤ «ምክንያት» በሚለው መስመር ላይም «ከእሳት አደጋ ለመጠበቅ» ተብሎ ተሞልቷል። አራቱንም ደብዳቤዎቼን አንብበው እንደተረዷቸው ስላረጋገጡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቁም ሣጥኑ ዛሬ ጠዋት ወጥቷል፤ በለቀቀው ቦታም ለአዲስ ገቢ ልጆች ሁለት ፍራሽ ተነጥፏል።