ሶዶ የሄደው ካብ

ጥር 25/2004 ዓ.ም፣ ጠዋት

ላሟን አልቤ ገባሁ። ልጆቹ አሁንም ተኝተዋል! ፀሐይ ጣራ ላይ ወጥታለች። የሶዶ ልጅ እንዲህ ነው።

ስማኝ ደብተር። የልጄ የማርቆስ ልጆች ናቸው፣ ቃልኪዳንና ትንሿ ሜሮን። ት/ቤት ስለተዘጋ እኔ ዘንድ መጡ። የቤት ሥራ አላቸው፦ የዞናችን ድንቅ ነገሮች። ቃልኪዳን ዳሞታ ተራራ፣ አጆራ ፏፏቴ ብላ ጨርሳለች። አጆራን አይተሻል? አልኳት። አላየችም። ከመጽሐፍ ነው የገለበጠችው። ዳሞታማ ቤታቸው ራስጌ ቆሞ ቀና ብላ አታየውም። ስለ ቻይና ግንብ ግን አፏ አይዘጋም! የእኛ ነገሥታት ካብስ? ጠላት እንዳይገባ አባቶቻችን ድንጋይ በድንጋይ የካቡት? "አባባ፣ እሱ ፈተና ላይ አይመጣም" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ነገ ካቡ ድረስ በእግር ይሄዳሉ። ቢያለቅሱም ይሄዳሉ።

ጥር 26፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ብዕሬ ወረቀቱን ቀደደው። እርጅና አይደለም፣ ንዴት ነው።

በጠዋት ወጣን። ከጉብታው ላይ አባያ ሐይቅን አሳየኋቸው። ሜሮን ቆርቆሮ ጣራ መሰላት። እየሄድን ነገርኳቸው፦ ካቡ ሲካብ ለየጎሣው ድርሻ ተሰጥቶ ነበር፣ ከዚህ እስከዚያ የእናንተ፣ ከዚያ ወዲያ የሌላው። የእኛ ከሾላው ዛፍ ይጀምራል አልኳቸው። ደረቴን ነፍቼ!

ደረስን። ሾላው አለ። ካቡ የለም።

መሬቱ ተፍቆ ቀርቷል። የጎማ ዱካ። የሌላው ጎሣ ድርሻ ወዲያ ማዶ እንዳለ ቆሟል። የእኛው ብቻ! ሜሮን "አባባ፣ ጠላት ወሰደው?" አለች።

አጠገቡ የቦይና ጎደሬ ማሳዋን የምትኮተኩተውን ወ/ሮ ዘነበችን ጠየቅኳት። ሳቀች። "ጋሼ፣ ይቀልዳሉ እንዴ? ልጅዎ ማርቆስ በጭነት መኪና ሲያስጭን ከረመ እኮ! አባቴ ፈቅዶልኛል አለን። ድርሻችሁ ስለሆነ ዝም አልን።"

በስሜ! ገና ሳልሞት በስሜ!

ጥር 28፣ ከሶዶ መልስ

ልጆቹን ይዤ በሚኒባስ ሄድኩ። የማርቆስ አዲሱ ቤት ያምራል። ባያምር ነበር የሚገርመው! መሠረቱን አየሁ። የእኛ ጥቁር ድንጋይ፣ ሲሚንቶ ተለብጦበት። የተረፈው ደጅ ተቆልሏል። ለአጥር ነው አሉ።

"አባዬ፣ ድንጋይ እኮ ነው" ይላል ማርቆስ። ጠባቂ የለው፣ ፍየል ይወጣበታል፣ እኔ ቢያንስ ለልጅ ልጆችዎ ቤት ሠራሁበት አለኝ። አፍ አለው! ከእናቱ ነው የወሰደው። ነፍሷን ይማርና እሷም በክርክር አትረታም ነበር። ዛሬ ብትኖር ግን በጥፊ ትለው ነበር።

ቃልኪዳን አጎንብሳ የመሠረቱን ድንጋይ ዳሰሰች። "አባባ፣ ያልከን ካብ ይሄ ነው?" ምን ልበላት? አዎ፣ ይሄ ነው አልኩ። አባቷ ፊቱን አዞረ።

እራት አልበላሁም። እሑድ የቤት ምርቃት ብለው በሬ ገዝተዋል። አባት ቀድሞ ገብቶ ሳይመርቅ አዲስ ቤት ውስጥ እሳት አይነድም። ማርቆስም ይሄን ያውቃል። አልመርቅም ብዬው ወጣሁ።

የካቲት 3፣ ከሰዓት

ማርቆስ ሦስት ሽማግሌ ላከብኝ። ሁለቱ ከቸርቹ፣ አንዱ የኔው ባልንጀራ። ከሃዲ! እንግዳ ተጠርቷል አሉ። ምራትህ ታለቅሳለች አሉ። ትዕቢት ነው አሉኝ። አዎ፣ ትዕቢት ነው! ሌላ ምን ቀረኝ?

ሊሄዱ ሲነሡ ነው ባልንጀራዬ የነገረኝ። ሜሮን አባባ ካልመረቀ አልገባም ብላ ከትናንት ጀምሮ ደጅ፣ የድንጋዩ ክምር ላይ ተቀምጣለች። ማታ በግድ ነው ተሸክመው ያስገቧት። አንጀቴን በላችው። ደግሞ ተናደድኩ።

ቆርጫለሁ። ነገ እሄዳለሁ። መሠረቱን አላስፈርስም፣ ልጆቹ ይተኙበታል። ደጅ የተቆለለው ግን አንድም ሳይቀር ይጫናል። ማርቆስ ኮቱን አውልቆ ይጭናል፣ ያወርዳል፣ ከሾላው ጀምሮ ይክባል። ቃልኪዳንና ሜሮን ጠጠር ያቀብላሉ፣ እኔ ቆሜ አካካቡን አሳያቸዋለሁ። እንግዳው ይጠብቅ። በሬውም እስከዚያ ሣር ይብላ። ካቡ ወገቤ ጋ ሲደርስ፣ ያኔ ገብቼ እመርቃለሁ።