ባትሪው እስከ ማታ የቆየበት ሳምንት

ለልጅነቴ ጆሮ ለሆንከው ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እትዬስ እንዴት ናት? መንትዮቹ ልጆችህስ አሁንም በአንድ ማበጠሪያ ይጣላሉ? ከሁሉ በፊት ግን ወገብህን ንገረኝ። "መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሳ ቀጭ አለብኝ" ካልከኝ ወዲህ እኔ እዚህ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ያንተ ወገብ ያመኛል። ጉልበትህን አጥፈህ አንሳ፣ ደግሞም አትንጠራራ፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ አይደለህም። እኛ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ባለፈው "አዲስ ሰዓት ልላክልሽ ወይስ ያለው ይበቃሻል?" ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ባትሪው ሳምንት የሚቆይ ሞዴል ሊወጣ ነው፣ ትንሽ ብትታገሺ እሱን እገዛልሻለሁ ብለሃል። እኔም አትቸኩል፣ የያዝኩት እስከ ማታ እየቆየልኝ ነው ብዬ በኩራት መለስኩልህ። ያን መልስ እንዳልጻፍኩት ቁጠርልኝ።

ይህን ሰዓት ስትልክልኝ ጩጬው ገና ሁለት ወሩ ነበር። የልጁን ለቅሶ ሰምቶ ክንዴ ላይ ሲንቀጠቀጥ የመጀመሪያ ቀን እንዴት እንደሳቅኩ ነግሬሃለሁ። በልጅነቴ ያ በሽታ ጆሮዬን ይዞት ከሄደ ወዲህ ከጀርባዬ የሚሆነውን ነገር ሳልዞር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። የስፌት መኪናዬ እጄን ስለሚያንዘፈዝፈው ማሰሪያውን በላስቲክ ቀጥዬ ከክርኔ በላይ አሰርኩት። ሰዓት ስንት ነው ሲሉኝ ክትባት ሊወጋ እንደመጣ ሰው እጅጌዬን እሰበስባለሁ። ዩኒፎርም ሊያሰፉ የሚመጡ እናቶች ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ ምን ቸገረኝ።

ዕቃ ነውና ግን አረጀ። ጠዋት ሞልቼው ምሳ ሳይደርስ ቀይ ማብራት ጀመረ። እሱ ቻርጅ እስኪያደርግ ልጁን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መኪናዬን አቆማለሁ። የሰው ልብስ ተከመረ፣ ደንበኞቼም ፊታቸውን አጠቆሩብኝ። ባሌ፣ ያ ሾፌሬ፣ አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ሰዓቱን ተቀበለኝና እዚህም እዚያም ነካክቶ "በቃ፣ አስተካክዬልሻለሁ" አለኝ። እውነትም በማግስቱ እስከ ማታ ቆየ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። እንዴት እንደኮራሁ ብታይ! ባሌን "ኢንጂነሩ" እያልኩ መጥራት ጀመርኩ። አማቴ ሲመጡም እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ገና ከግማሽ በላይ ነው ብዬ አሳየኋቸው። እሳቸው ድሮም ሰዓቱን አይወዱትም። እሱ ከመምጣቱ በፊት ቀን ቀን እየመጡ ጆሮ የሚሆኑኝ እሳቸው ነበሩ፤ ከመጣ ወዲህ ግን እንደ እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይሄዳሉ። ይህን ሳላየው ቀርቼ አይደለም፣ አይቼ ዝም አልኩ እንጂ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጩጬው ከኋላዬ አልጋ ላይ ተኝቷል፣ እኔ ኪስ እሰፋለሁ። ሰዓቱ ጸጥ ብሏል፤ ዛሬስ እንቅልፍ ጠገበልኝ እያልኩ ሥራዬን አቀላጥፋለሁ። ድንገት አማቴ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ አጠገቤ በሩጫ ሲያልፉ አየሁ። ዞር ስል የልጄ እግር በአልጋውና በግድግዳው መካከል ተቀርቅሯል፤ ፊቱ ጠቁሯል፣ ላቡና እንባው ተደባልቋል። ከአማቴ ጋር ሆነን አላቀቅነው። አማቴ ድምፁን ከውጭ በር ሰምተው ነው የሮጡት። ጎረቤታችን ደግሞ ኋላ መጥታ "እኔማ ስንት ሰዓት ሲያለቅስ እሰማለሁ፣ እናቱ አጠገቡ ናት ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አለችኝ። እናቱማ አጠገቡ ነበርኩ። እጄን ብዘረጋ በምነካው ቦታ ጀርባዬን ሰጥቼው ኪስ እሰፋ ነበር። እግሩ አበጠ እንጂ አልተሰበረም፣ ተመስገን ነው።

ሰዓቱን ይዤ ወደ ስልክ ጠጋኙ በረርኩ። አንድ ጊዜ ነካ አድርጎት ቀና አለና፣ ከንፈሩን እንዳነብለት ቀስ ብሎ "ባትሪ ቆጣቢው በርቷል፤ እሱ ሲበራ ድምፅ ማዳመጡን ያቆማል" አለኝ። ገባህ አይደል? ባትሪው እስከ ማታ የቆየልኝ መስማት ስለተወ ነው። ያን ሁሉ ቀን ሁለት ደንቆሮዎች ተጎራብተን ተቀምጠናል፤ እኔ እሱን አምኜ፣ ልጄ እኔን አምኖ።

ባሌ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ለበጎ ብሎ እንዳደረገው አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ዓይኑን ማየት አስጠላኝ። አማቴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። የልጁን ልብስ ሰብሰብ አደረጉና "አዲሱ ሰዓት እስኪመጣ እኔ ጋ ይሁን" ብለው ይዘውት ሄዱ። በምን አፌ ልከልክላቸው? ቤቱ ኦና ሆነ። ጡቴ ሞልቶ ይጠዘጥዘኛል፣ የሚጠባኝ የለም። የሚወጣው ሞዴል ገደል ይግባ፣ የተገኘውን ዛሬውኑ ላክልኝ ብዬ ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቼ ነበር።

እሁድ ልጄን ላየው ሄድኩ። አማቴ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ እኔ ትንንሽ ልብሶቹን አጥፋለሁ። ጩጬው ወንበር ይዞ ሊቆም ሲል ዘጭ ብሎ በቂጡ ተቀመጠ። ያለሁበትን ፈልጎ እየዳኸ መጣና ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ አፉን ከፍቶ አለቀሰ። እንባው ዱብ ዱብ ይላል። አንስቼ አቀፍኩት። አማቴ ቀና ብለው ሲያዩን ቢላዋው እጃቸው ላይ ቀረ። "ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ። "እያለቀሰ ነዋ፣ አይሰሙም እንዴ?" አልኳቸው። "ኧረ ድምፅ የለውም!" አሉ።

እሳቸው ጋ ሲያለቅስ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ይጮኻል አሉኝ። ለእኔ ግን በፊቱ ብቻ ነው የሚያለቅሰው። ከመቼ ጀምሮ ነው? እኔ በምን ልወቅ ወንድም ጋሼ! ድምፅ ያለውንና የሌለውን ለቅሶ በምን ለይቼ? ከዚያ ማክሰኞ በፊትም፣ ገና ቆጣቢው ሳይበራ፣ ሰዓቱ መንቀጥቀጡን እየቀነሰ መጥቶ ነበር፤ ልጄ አደገልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ወይስ ያን ቀን ነው ጮሆ ጮሆ፣ ድምፁ እናቱ ጋ እንደማይደርስ የገባው? ይህን እያሰብኩ የሰፋሁትን እፈታለሁ፣ የፈታሁትን መልሼ እሰፋለሁ፤ ሥራ እየሠራሁ አይደለም።

አማቴ በዚህ ጊዜ ሐሳባቸውን ቀየሩ። "እንግዲህ ሰዓቱስ ቢመጣ ምን ሊሰማ ነው? ልጁ ዲዳ ሊሆን ነው። አፉን እስኪፈታ እኔ ጋ ይቆይ" አሉ። አፉን እስኪፈታ! ደሜ ፈላ። "እማማ፣ ልጄን ይዤ ነው የምሄደው" አልኳቸው። ድምፄ ምን ያህል እንደወጣ አላውቅም፤ ፊታቸውን ሳየው ግን ጮኼባቸው መሆን አለበት። ላዝለው ብዬ ጎንበስ ካልኩ በኋላ ተውኩት። ጀርባዬ ላይ ሆኖ ቢያለቅስ በምን አየዋለሁ? መንገዱን ሁሉ ከፊቴ አቅፌው ክንዴ ዝሎ ቤቴ ገባሁ። አማቴ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም። ባሌ በእናቱና በሚስቱ መሃል ሆኖ ጉርሻ አይወርድለትም፣ እሱም አሳዘነኝ።

ስለዚህ አዲሱን ሰዓት ተወው። ስልክ ጠጋኙ የአሮጌውን ባትሪ ቀይሮልኛል፤ ውሃ እንዳታስነኪው እንጂ ይሠራል ብሎኛል። ተኝቶ ሲነቃ ወይም ከዓይኔ ሲርቅ ድምፅ ካወጣ ይሰማልኛል። ባሌንም ሁለተኛ እንዳይነካካው አስምዬዋለሁ። መኪናዬን አዙሬ አልጋውን ከፊቴ አድርጌዋለሁ። መስኮቱ አሁን ከኋላዬ ስለሆነ የገዛ ጥላዬ ስፌቴ ላይ ያርፋል፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አበሳ ሆኖብኛል። ይሁን። ባትሪው ሳምንት ቢቆይ፣ ወር ቢቆይ፣ ያለ ድምፅ የሚያለቅስ ልጅ የሚሰማ ሰዓት እናንተም አገር የሚሸጥ አይመስለኝም።

ነገ ጠዋት ልጄን ይዤ አማቴ ቤት እሄዳለሁ። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ፣ ሰዓት ቢኖርም ባይኖርም እንደ ድሮው ቀን ቀን ይምጡልኝ ልላቸው ነው። እሺ ይሉኛል? እንጃ። እኔ ልጄን ከምሰጣቸው እሳቸው ቢመጡልኝ እንደሚሻል እንዴት አድርጌ እንደማስረዳቸው ጨንቆኛል።

ከአንተ የምፈልገው ሌላ ነው። በቪዲዮ ደውልልን፤ ከሆነልህ በየቀኑ። እትዬን ሳምልኝና፣ ግድግዳ ያነቃንቃል የሚሉትን ሳቋን ለጩጬው ታሰማው። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ ድመት ይሁኑለት፣ ባቡር ይሁኑለት፣ እሱ አንዲት ድምፅ ካወጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመልሱለት። አንተም ስሙን ጥራው። እኔ ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ ሳይጠፋ የቀረልኝ ያንተ ነው፣ ከሜዳ ጠርተኸኝ ስሮጥ እስካሁን ይታወሰኛል። ባሌ እጅ ነሥቷል፣ በሐፍረት ቀና ብሎ አላይህም ብሏል፤ አንተ ግን አትቆጣው። ስልኩን እኔ እይዝለታለሁ። ምን እንደምትባባሉ አልሰማም፣ ግድ የለም። ልጄ ድምፁ የሚደርስለት ሰው እንዳለ ብቻ ይወቅ።

እህትህ
ከመስፊያ ክፍሌ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ