ለመሸነፍ የተመደብኩበት ክርክር

ሰኞ፣ የካቲት 5 ቀን 1982

የላፍቶ አቧራ ዛሬ ብሶበታል። ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ምሳ ሳልበላ ስብሰባ ተጠራሁ። መቼስ ለምሳ አይጠሩኝ...

ዩኒቨርሲቲያችን የፖለቲካ ክርክር ሊያዘጋጅ ነው። አዎ፣ እኛው! ርዕሱ፦ የእህል ንግድ በመንግሥት እጅ ይቆይ ወይስ ለነጋዴ ይለቀቅ? ለመንግሥት የሚከራከረው የፓርቲ ኮሚቴያችን ጸሐፊ፣ ጓድ ግዛው ነው። ለነጋዴው የተመደበው ደግሞ... እኔ። ማን መደበኝ? ራሱ ግዛው።

"ጓድ አብደላ፣ ጠንከር ብለህ ጀምርና ጥሩ አድርገህ ትሸነፋለህ" አለኝ።

ኢኮኖሚክስ የተማርኩት ለዚህ ኖሯል።

የካቲት 9

ጽሑፉን ጀመርኩ። አባባ ፉሪ ላይ እህል ነጋዴ ነበር። ጤፉን ኬላ ላይ ወረሱት፤ "አሻጥረኛ" ተብሎ ታሰረ። ከተፈታ በኋላም ሱቁን አልከፈተም። ለነጋዴው የሚባለውን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ አምንበታለሁም። በአደባባይ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። የጂኦግራፊው ቸኮል አምና ከተፈቀደለት ጽሑፍ ወጣ ብሎ ተናገረ፤ ከሥራም ወጣ።

ስለዚህ በሚሸነፍ መልኩ ጻፍኩ። "ነጋዴ ስለሚደክመው ትርፍ ይገባዋል።" ይህን ሕፃንም ይረታዋል። ምነው ክርክሩ በተሰረዘ...

የካቲት 14

ጽሑፎቻችን ተመርምረው፣ ማኅተም ተመቶባቸው ተመለሱ። ከዚያ ውጪ መናገር ክልክል ነው። የተማሪዎቹ ጥያቄም ታድሏል። "በድንገት" የሚጠይቁት ልጆች ከአሁኑ እየተለማመዱ ነው።

የካቲት 19

ይሰረዛል የሚል ወሬ አለ። የፋኩልቲያችን ዲን ፈርቷል አሉ። አላህ ፍርሃቱን ይጨምርለት።

የካቲት 26

ሬዲዮው ጉድ አሰማን። ቅይጥ ኢኮኖሚ! ኬላ ይነሳል፤ ነጋዴ እህሉን እንደልቡ ይሸጣል። አባባ የተበላሸ መስሎት ሬዲዮኑን በመዳፉ መታው።

የካቲት 27

ግቢው ጭር ብሏል። መሪ ሐሳባችን ባንድ ሌሊት ስህተት ሆኗል፤ ደፍሮ የሚናገር ግን የለም። ዲኑ ክርክሩ ይሰረዝ አለ። ግዛው እምቢ አለ። ከሰረዝን አዲሱን መስመር ፈሩት ያሰኘናል አለ። ሁለቱም የፈሩት አንድ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ ግን አልጽፍም።

መፍትሔም ተገኘ። ፓርቲ ስለማይሸነፍ ግዛው ለነጋዴው፣ እኔ ለመንግሥት እንከራከራለን። እኔ አሁንም ተሸናፊ ነኝ! አዲስ ጽሑፍ የሚመረምር ግን ጠፋ፤ መርማሪዎቹ ራሳቸው መስመሩን ገና እያጠኑ ነው። ስለዚህ ማኅተም ያለበትን የኔን ጽሑፍ ግዛው ወሰደ፤ የሱን ለኔ ሰጠኝ። እንዲሸነፍ ብዬ የጻፍኩትን እኮ ነው የወሰደው! ልንገረው?... አልነገርኩትም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 1

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አባባ የዒድ ኮቱን ለብሶ ከፊት ተቀምጧል።

ግዛው ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። "ነጋዴ ስለሚደክመው..." ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ልስቅ ስል አባባን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል። የሳቁት በሱ መስሎታል።

ተራዬ ደረሰ። የግዛውን ጽሑፍ ይዣለሁ፤ ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ማንበብ ብቻ ነበር። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ስለ ኬላው ተናገርኩ። ከኬላው ወዲያ እህል ሲነቅዝ፣ ከኬላው ወዲህ ሰው ተሰልፎ ባዶ ከረጢት ይዞ እንደሚመለስ... ስለተወረሰ ጤፍ... ቸኮል በሐሳቤ ይመጣብኝ ነበር። ግን ጨረስኩት።

ዲኑ ተነስቶ፣ ሁለቱም ተከራካሪዎች ባንድ ወገን ስለሆኑ ክርክሩ ተሰርዟል አለ። በስንት ጸሎት ተሰረዘልኝ!

ያለማኅተም በመናገሬ ግዛው ያባርረኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ጨበጠኝ። መስመሩን ከሁላችንም ቀድመህ ያዝከው አለኝ፤ ለኮሚቴ አባልነትም አጨኝ። ተማሪዎቼ በአጠገቤ ሲያልፉ "እሱም ካድሬ ሆነ" ሲሉ ሰማኋቸው።

ከአባባ ጋር ወደ ፉሪ በእግር ሄድን።

"ጎበዝ፣ በቃልህ ይዘኸዋል" አለኝ ፉሪ ልንደርስ ስንል። "ማን ነው የጻፈልህ?"

"ማንም" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አላመነኝም።