ለቃሬዛ በር የሌለው አውሮፕላን ማረፊያ

ለክቡር ኦቦ ገመቺስ
የጨፌ የግል አውሮፕላን ማረፊያ ዝግጅት አስተባባሪ
ስብሰባ ላይ ካልሆኑ፣ ቢሮዎ

አምቦ፣ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ሾፌርዎ፣ ለስብሰባ ብቻ የሚወጣው ጥቁር ኮትዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? በተለይ የግራ እግርዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ ጠቅ ያደርግዎታል ሲባል ሰምቻለሁና ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልኝ። ከመላ አካልዎ እግርዎን ለይቼ የጠየቅሁበትን ምክንያት ደብዳቤው ሳያልቅ እነግርዎታለሁ።

እኔ ሮብሳን አመዩ፣ አምቦ ፍርድ ቤት በር ላይ ዣንጥላ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። «ክቡርነትዎ በሚገባ እንደሚያውቁት» እና «ከታላቅ አክብሮት ጋር» የሚሉትን ቃላት በየቀኑ ለሰው ስለማድል፣ ዛሬ ለራሴ ጥቂት ብቆነጥር የሚቆጣኝ አይኖርም። የተወለድኩት እርስዎ በተወለዱባት በጨፌ ማዶ ነው። ለማያውቁን አንባቢዎች ስል ልግለጸው፤ ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወስደው መንገድ ዳር ጨፌ የምንለው ሰፊ የሣር ሜዳ አለ፣ ከሜዳው ባሻገር ደግሞ መኪና የማይገባባት መንደራችን አለች። ሰዉ ወደ መንገዱ፣ ወደ ጤና ጣቢያውና ወደ ገበያው የሚወጣው ሜዳውን አቋርጦ ነው። ነበር ማለቴ ነው።

የምስጋናዬና የቅሬታዬ ዝርዝር እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ጨፌን በሽቦ ስላጠሩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። በዓለም ላይ ሣር ላይ የሚያርፍ የግል ጄት መኖሩን ሰምተው፣ የእኛ ሣር ከማን ሣር ያንሳል በማለት፣ የወንጪን ሐይቅ ለማየት የሚመጡ ባለሀብቶች በሙሉ እደጃችን እንዲያርፉ መወሰንዎ የአገር ፍቅርዎን ያሳያል። ሜዳውን ለማየት የመጡት በታኅሣሥ ስለነበረ ደረቅና የተደላደለ ሆኖ አግኝተውታል። በሐምሌ ግን በሬ እስከ ሆዱ የሚሰምጥበት ረግረግ እንደሚሆን የሚነግርዎ አንድ እረኛ መጥራት አላስፈለገዎትም፤ ምክንያቱም ክቡርነትዎ በልጅነትዎ እዚያው ጭቃ ውስጥ ጥጃ ሲጎትቱ ስላደጉ ነገሩን ያውቁታል። አባቶቻችን በደቦ ወጥተው በጭቃው ላይ ድንጋይ እየደረደሩ የእግር መንገድ የሠሩትም ለዚሁ ነበር። የእርስዎ ሠራተኞች ያንን ድንጋይ ነቅለው ለክብር እንግዳ መቀመጫ የሚሆን መድረክ ገንብተውበታል። መድረኩ በጣም ያምራል። ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው በማያውቁት አገር ሄዶ ነው፤ ክቡርነትዎ ግን በሚያውቅዎ አገር፣ ያውም የሚያውቅዎን ሰው መንገድ ነቅለው አስነጠፉ። ለዚህ ድፍረትዎ ያለኝን አድናቆት በምን ቃል እንደምገልጸው አላውቅም።

ሁለተኛ፤ ባለፈው ጥር አዳራሽ ጠርተው «የግል የቢዝነስ ጄት አምራች ኩባንያዎች አጠቃላይ ቅኝት» በሚል ርእስ ስለሰጡን ትምህርት አመሰግናለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ ከቃልዎ አንዳች አላመለጠኝም። የአሜሪካው ገልፍስትሪም መስኮቱ ሰፊና ሞላላ የሆነ፣ መሀል ላይ ሳያርፍ ውቅያኖስ የሚሻገር ጄት እንደሚሠራ ተማርን። የካናዳው ቦምባርዲየር በበረዶ ላይ በሚሄድ ተሽከርካሪ ሥራ ጀምሮ ዛሬ አልጋ የተነጠፈበት ጄት መሥራት ላይ መድረሱን ተማርን። የፈረንሳዩ ዳሶ ከጦር አውሮፕላኑ ጎን ለጎን ለባለሀብት ባለ ሦስት ሞተር ያቀርባል። የብራዚሉን ኤምብራየር በመጀመሪያ ያቋቋመው መንግሥት ነው ሲሉ «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ብለው ጨመሩበት፣ አዳራሹም አጨበጨበ። ሴስና የሚሠራበት የካንሳስ ምድር ስንዴ አብቃይ ስለሆነና እኛም ስንዴ ስለምናመርት ተስፋችን ቅርብ ነው አሉ፤ ይህንን አረፍተ ነገር ምን ላድርገው ብዬ ተቸግሬ በመጨረሻ እንዳለ ጻፍኩት።

መሀል ላይ የጨፌ ማዶው ሽማግሌ ኦቦ ገለታ እጃቸውን አውጥተው፣ «ማሎ ልጄ፣ እባክህ፣ ሁሉም ደስ ይላል፤ እኛ ግን አሁን ጨፌን በየት በኩል እንሻገር?» ብለው ጠየቁ። እርስዎም «ጥያቄ በመጨረሻ ይስተናገዳል» አሉ። በመጨረሻ የተስተናገደው ምሳ ነው።

ማሳረጊያዎ የስዊዘርላንዱ ፒላቱስ ነበር። ይህ ኩባንያ በሣርና በጠጠር ላይ ማረፍ የሚችል ጄት እንደሚሠራ፣ በአውስትራሊያ በራሪ ሐኪሞች በሽተኛ እንደሚያመላልሱበት፣ ከኋላውም ቃሬዛ የሚገባበት ሰፊ በር እንዳለው በኩራት አስረዱን። ቃሬዛ የሚለውን ቃል በራስዎ አንደበት ነው የተናገሩት። ቃለ ጉባኤው ላይ አስምሬበታለሁ።

በዚህ ሁሉ መሀል ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክዎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካናዳ ላይ ሳሉ አንሥተው አዩትና በፊቱ ደፉት። ፈረንሳይ ላይ ሳሉ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ብራዚል ላይ ሳሉ ከነአካቴው ዘጉት። ከአጠገብዎ ተቀምጬ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ፤ ማን እንደሚደውል ግን አላውቅም ነበር።

ሦስተኛ፤ የሚደውለው ዘበኛዎ ጋዲሳ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት እኅቴ ጃለኔ ምጥ ያዛት። የመንደሩ ጥሩንባ ተነፋ፣ የቃሬዛ ማኅበሩ ወጣ፣ ስምንት ሰው ትከሻ ሰጥቶ አነሣት። አምቡላንስ ተጠርቶ መንገዱ ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ተሸካሚዎቹ በሽቦው በኩል ነጩን መኪና ያዩት ነበር። የቀረው ሜዳውን ማቋረጥ ብቻ ነበር። ጋዲሳ ግን የክቡርነትዎ ትእዛዝ ነበረበት፤ አንድ የተከበሩ ባለሀብት በራሳቸው አውሮፕላን ስለሚመጡ ሰውም ከብትም ሜዳውን እንዳይረግጥ። ጋዲሳ ክፉ ሰው አይደለም። ለዘበኛ ብቻ የተተወችውን ጠባብ በር ቁልፍ በእጁ እንደያዘ፣ «ኦቦ ገመቺስ ሳይፈቅዱ ብከፍት ነገ የልጆቼ እንጀራ ያልቃል፤ ቆዩ፣ ልደውል» አላቸው። ደወለ። ቆሙ። ደወለ። ጃለኔ ከቃሬዛው ላይ ሆና «ማሎ ጋዲሳ፣ ማሎ» ትለው ነበር። በመጨረሻ ስልክዎ ጭራሹን እንቢ ሲል፣ ተሸካሚዎቹ አጥሩን ተከትለው በወንዙ ዳር ለመዞር ተነሡ።

ልጁ የተወለደው ወንዙ ዳር፣ አጥሩ በሚያልቅበት ቦታ ነው። አላለቀሰም። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ነርስ ናኦሚ ተቀብላ አየችውና፣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብት...» ብላ ጀምራ ተወችው። እኅቴ በሕይወት ተርፋለች፤ መትረፍ ከተባለ። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰማዩን እያየች ነበር የሄደችው፣ አንድም አውሮፕላን አልነበረም።

ክቡር ሆይ፣ በሙያዬ ለብዙ የተበደለ ሰው ጽፌያለሁ፤ አንዱም እጠላዎታለሁ ብለህ ጻፍልኝ ብሎኝ አያውቅም፣ ቢለኝም የማመልከቻ ወግ ስለሚፈርስ አልጽፍለትም ነበር። ስለዚህ ወጉን ጠብቄ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጠላዎታለሁ።

አራተኛ፤ የተከበሩት እንግዳ በማግስቱ በአዲስ ዓለም በኩል በመኪና መጥተው፣ አምቦ ምሳ በልተው፣ ወንጪን ጎብኝተው መመለሳቸውን ሰምተን ደስ ብሎናል። አውሮፕላኑ ያልመጣው ለምን እንደሆነ ክቡርነትዎ ሲጠየቁ፣ ቀድሞውንም ያልተረጋገጠ ጉዳይ ነበር ብለው መልሰዋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ የእርስዎ ላም ወተቷ ባይታይም ገና ሳትመጣ ሰው ረግጣለች።

አምስተኛ፤ በቅኝትዎ ውስጥ አንድ አምራች ስለተዘነጋ እርማት እንዲደረግ በትሕትና አሳስባለሁ። የመንደራችን አናጺ ቦጂያ የሚሠራው ቃሬዛ ከጠቀሷቸው ጄቶች በምንም አያንስም። እንደ ካናዳው የተነጠፈ አልጋ አለው። ሞተሩ ስምንት ትከሻ ስለሆነ ባለ ሦስት ሞተሩን ያስንቃል። በሣር፣ በጠጠር፣ በጭቃ ላይ ያርፋል፣ ነዳጁም ቆሎና ውኃ ነው። የሚጭነው ሁልጊዜ አንድ መንገደኛ ብቻ ስለሆነ፣ ከእርሱ የበለጠ የግል ማመላለሻ የት እንደሚገኝ ኩባንያዎቹን ይጠይቁልን። የማኅበሩ ሕግ ደግሞ አጭር ነው፤ በቃሬዛ የወጣ ሰው የዳነ እንደሆነ ትከሻውን ይመልሳል፣ ተራው ደርሶ የቀረ ሰው ግን በደዌም ሆነ በሞት ማንም አያነሣውም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የጎረቤታችን ልጅ ጊፍቲ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ቀኗ ሰኔ መግቢያ ላይ ነው ተብሏል። በሰኔ ወንዙ ይሞላል። ጃለኔን ያዞሩበት የወንዝ ዳር ያን ጊዜ ውኃ ነው፤ ዙረቱም አይኖርም። ጊፍቲ የእኅቴን ነገር ስለምታውቅ፣ ወደ አምቦ ወርዳ እንድትቆይ ብንላት ማረፊያ ዘመድ የላትም፤ ማታ ማታ አጥሩ ድረስ ሄዳ ሽቦውን ይዛ ቆማ ትመለሳለች። ከክቡርነትዎ የምንለምነው አጥሩ እንዲፈርስ አይደለም፣ የልማትዎን ሥራ ለማደናቀፍ የሚያስብ ሰው የለንም። የምንለምነው በመንደሩ በኩልና በመንገዱ በኩል አንዳንድ የቃሬዛ በር እንዲወጣለት፣ በሩም ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚያሳልፍ እንዲሆን፣ ቁልፉ በስልክዎ ሳይሆን በጋዲሳ እጅ እንዲያድር፣ ከመድረክዎ ሥር ያለው ድንጋይም ወደ መንገዱ እንዲመለስልን ነው። መልሰን የምንደረድረው እኛው ነን፤ እርስዎ እንዳይደክሙ።

ስዊዘርላንዶቹ ሰማይ ላይ ለሚበር ጄት የቃሬዛ በር ካወጡለት፣ ምድር ላይ ለቆመ ሽቦ በር ማውጣት ያን ያህል አይከብድም ብዬ አምናለሁ።

ይህንን ረጅም ደብዳቤ በትዕግሥት ላነበቡበት፣ ወይም በፊቱ ለደፉበት እጅዎ እየሰገድኩ፣ መልስዎን ከወንዙ መሙላት በፊት በናፍቆት የምጠብቅ፣

ትንሹና ታዛዥዎ
ሮብሳን አመዩ
የጃለኔ ወንድም

ግልባጭ፦
ለጨፌ ማዶ የቃሬዛ ማኅበር
ለዘበኛ ጋዲሳ፣ ከሰላምታ ጋር
እስካሁን ላልመጣው አውሮፕላን

ተጨማሪ፦ የግራ እግርዎን ነገር ልረሳው ነበር። ልጅ ሳሉ ከሾላ ዛፍ ላይ ወድቀው ሲሰበር፣ በዚያው ቃሬዛ ተኝተው፣ በዚያው የድንጋይ መንገድ ጨፌን አቋርጠው ወጥተዋል። በክረምት ነበር፣ ነገር ግን አጥር ስላልነበረ ደርሰዋል፤ ዛሬም ቆመው መግለጫ የሚሰጡት በዚያ እግር ነው። ከፊት በስተግራ የተሸከሙዎት አባቴ አመዩ ነበሩ። እርስዎ ድነው ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ከሄዱ በኋላም አባቴ «ልጁ ሩቅ ነው» እያሉ የእርስዎን ተራ ሲሸፍኑ ኖረው፣ አምና አርፈው እሳቸውም በዚያው ቃሬዛ ወጡ። እነሆ ከፊት በስተግራ ያለው ቦታ ባዶ ነው፣ ተራውም የእርስዎ ነው። የጊፍቲ ቀን ሲደርስ ጥሩንባው እቢሮዎ ደጅ ድረስ መጥቶ ይነፋል። ጋዲሳ ያለ እርስዎ በር አይከፍትምና፣ ከስብሰባ ወጥተው ትከሻዎን ይዘው ይምጡ። ከቀሩ ግን የማኅበሩን ሕግ ከላይ ጽፌልዎታለሁ። አንድ ቀን የሚያነሣዎ ሲያስፈልግ ከእነዚያ ኩባንያዎች ወደ አንዱ ይደውሉ። እኔ ሣር ላይ የሚያርፈውን እመክርዎታለሁ።