ያላየሽውን ዜሮ አትበይው

አባየ፣

ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። የወገዳ ሰው ሁሉ «መምህር፣ እርስዎ» ሲልህ እኔ አንተ እያልሁህ ነው ያደግሁት፤ ዛሬም እንደዚያው ልበልህ።

ቤት ደኅና ነው። የዝናብ መለኪያህ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እንደቆመ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሄዳ የምታየው አሁን እማየ ናት። በመሠረተ ትምህርት የቆጠረቻት ቁጥር ይኸው ለቁም ነገር በቃች። ከመለኪያው ላይ ዝናቡን ይከልልብኛል እያልህ ስንት ዓመት የተጨቃጨቅህበትን ባሕር ዛፍ ጎረቤታችን አያ ታከለ አርባህ ሳይወጣ በገዛ እጁ ቆረጠው። ምናለ በሕይወትህ አድርጎት ቢሆን ብዬ ተናደድሁ፤ ኋላ ግን አለቀስሁ።

በበጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ መለኪያህን ልታይ ስትወጣ ሰው ይስቅብህ ነበር። አንተ ግን አይተህ፣ የዝናቡ ቅጽ ላይ ዜሮ ጽፈህ ትመለሳለህ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በጥር፣ እስቴ ለቅሶ ስትሄድ የአራት ቀኑን አደራ ለእኔ ሰጠኸኝ። እኔ ብልጧ የአራቱንም ቀን ዜሮ በመጀመሪያው ጠዋት ጽፌ ጨረስሁ። በጥር ይዘንባል ብሎ ማን ያስባል? ስትመለስ መለኪያው ውስጥ ውሃ አገኘህ። በየትኛው ቀን እንደገባ ስትጠይቀኝ፣ ከመጀመሪያው ጠዋት በኋላ ዞር ብዬ እንዳላየሁት ነገርሁህ። አልተቆጣኸኝም። ካየሁት ከመጀመሪያው ቀን በቀር ዜሮዎቹን ሰርዘህ በየቦታቸው «አልታየም» ብለህ ጻፍህ።

«ዜሮ ማለት አይቼ አጣሁ ማለት ነው» አልኸኝ፤ «ያላየሽውን ዜሮ አትበይው።»

ያን ቀን ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ የያዝሁትን ጥናት በፋሲካ መጥቼ ያስረዳሁህ ትዝ ይልሃል? ሕዋው እየሰፋ ነው፤ ስፋቱም እየፈጠነ ነው፤ የሚገፋውን ስላላወቅነው ጨለማ ኃይል አልነው። ጥያቄው ይህ ግፊት ከጥንት ጀምሮ እኩል ነው ወይስ ከዘመን ዘመን ይለወጣል የሚል ነው። ሌሎች በትልልቅ ቴሌስኮፕ ያዩአቸውን፣ ሲሞቱ የሚፈነዱ ከዋክብት እወስዳለሁ። ከሩቅ የመጣ ብርሃን ከጥንት የተነሣ ስለሆነ፣ በእነሱ የየዘመኑን ስፋት እለካለሁ። አንተ ሰምተህ ሰምተህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኸኝ፤ መሐል ላይ ሰው ያላየው ዘመን አለ ወይ አልህ።

ጽሑፌ ያን ጊዜ አልቆ ነበር። «አይለወጥም» ብዬ ደምድሜያለሁ፤ አንተም ለምረቃዬ ኮት አሰፍተሃል። ተመልሼ ግራፉን ሳየው፣ ከዋክብቱ እጅግ የሳሱበት ዘመን አለ፤ በዚያ ላይ ቀጥ ያለውን መስመር ያሳለፍሁት እኔው ነበርሁ። የጥር ዜሮዎቼ ፊቴ ተደቀኑ። ሌላ መረጃ ልጨምር ካልሁ ምረቃው በአንድ ዓመት ይራዘማል፤ አንተ ደግሞ ልብህን ታመሃል። እየፈራሁ ደወልሁልህ። እንዳለ ላስገባውና ምረቃዬን እይልኝ አልሁህ። ድምፅህ ደክሞ ነበር።

«ለእኔ ብለሽ ያላየሽውን አየሁ እንዳትዪ።»

ምረቃውን አራዘምሁት፤ አንተ በነሐሴ ሄድህ። ለምረቃዬ ኮትህን እማየ በክንዷ ይዛው መጣች።

ጽሑፉ አሁን የሚለው፣ ባየነው ዘመን ልኬታችን በሚችለው መጠን ለውጥ አላገኘንም፤ መረጃው በሳሳበት ዘመን ግን ገና አልታየም ነው። ፈታኞቹ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም ብለው ሲያፋጥጡኝ አላውቅም ለማለት አላፈርሁም። አልፌያለሁ፣ አባየ። አንተ ባትኖር ቀድሜ እመረቅ ነበር፤ የማላምንበትን ወረቀት ይዤ። ስለዚህ አመሰግንሃለሁ፤ ሳስብህ ከኀዘኑ ይልቅ ምስጋናው ይቀድመኛል።

አንድ ነገር ሳልነግርህ አልዘጋም። በቀብርህ ዕለት ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያውን ያስታወሰ አልነበረም። ዝናቡ ግን ሲያወርደው ነበር፤ ተሸክሞህ ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሄደው ሰው ሁሉ በስብሶ ነበር። የማግሥቱ ውሃ የሁለት ቀን ስለሆነ ቅጹ ላይ ለሁለት ተካፍሎ ይጻፍ ያለም ነበር፤ ማን ያውቃል ብሎ። እማየ እምቢ አለች። መዘንቡንማ ራሷ ቆማበታለች። ግን በዚያች ቀን ረድፍ ላይ፣ በዚያ በመሠረተ ትምህርት ጽሕፈቷ፣ «አልታየም» ብላ ጻፈች።

ያን ገጽ ቀድቼ ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ያንተንም ቦታ በምንም አልሞላውም። እስካለሁ ድረስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት በደረሰ ቁጥር፣ ቀና ብዬ ያን ገጽ አየዋለሁ።

ልጅህ